የሸበተው የአማቴ ዛፍ

የካቲት 2

አዲስ ደብተር ጀመርኩ። የድሮው አላለቀም ነበር፤ የጨረሰችው ባለቤቴ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፣ ወረቀት ሲጠፋባት የኔን ደብተር ትከፍታለች። ባለፈው ወር ስለ ጭጋግ ከጻፍኩት ሥር «ወገብ 92፣ እጅጌው አጠር ይበል፣ ሴትዮዋ ነዝናዛ ናት» የሚል ሰፍሮ አገኘሁ። ይኼኛውን ከካልሲዎቼ ሥር እደብቀዋለሁ። ካልሲዬን ማንም አይነካም።

ቢሮ ዛሬ ጉድ ፈላ። ኃላፊው ሰብስቦን፣ ሚያዝያ ሃያ ኮሚቴ እንደሚቀመጥ ነገረን። ከወንዙ ማዶ ያለው ደን ለጣውላ ፋብሪካው ይሰጥ ወይስ ይቆይ የሚለው ያን ቀን ይቆረጣል። ውሳኔው የተንጠለጠለው ደግሞ በምን ላይ ነው? በኔ ሽበት ላይ።

የራሴን ማለቴ አይደለም፣ የእሱ ጉዳይማ አልቋል። የዛፍ ሽበት ማለቴ ነው። በመጽሐፍ ላይከን ይባላል። ያረጁ ዛፎች ላይ እንደ ጢም የሚንዠረገግ፣ አመድማ አረንጓዴ ነገር። ሣር አይደለም፣ ሥር የለውም፣ ዛፉንም አይጎዳም። ፈንገስና አልጌ በአንድ ጣራ ሥር ሲኖሩ ነው፤ ፈንገሱ ቤቱን ይሠራል፣ አልጌዋ ምግቡን ታዘጋጃለች። ይህን ለባለቤቴ ያስረዳኋት ለት «እንደኛ ቤት ነዋ» አለች። ትንሽ ቆይታ «እዚህ ግን ሁለቱንም የምሠራው እኔ ነኝ» አለች።

ሽበት ብዙ ዓይነት አለ። የኔው፣ ረጅሙ የሚባለው፣ የሚታወቀው ከወንዙ ማዶ በአሥራ አንድ ዛፎች ላይ ብቻ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት እነሱን ስቆጥር ኖሬያለሁ። ጠዋት ጠዋት ጭጋግ ካልተኛበት፣ ጭስ ከደረሰበት፣ ዛፉም ካላረጀ አይኖርም። በመዝገብ «ሊጠፋ የተቃረበ» ተብሎ ተጽፏል፤ እንደዚያ እስከተጻፈ ድረስ ደኑ ውስጥ መጥረቢያ አይገባም። ግምገማው በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል፣ ዘንድሮ ተራው ነው። ጡረታዬም ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ይህችን አድሼ፣ አሥራ አንዱን ዛፎች አስረክቤ፣ በሰላም ወደ ቤቴ።

የካቲት 5

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አማቴ ቤት፣ እንደ ወትሮው። «ዛፌ ሸበተብኝ፣ ሰው ጠርቼ አስፍቀዋለሁ» አሉ፣ እንደ ወትሮው። «እማማ በፈጠረዎ፣ አይነካ፣ ለዛፉ ጤና ነው» አልኩ፣ እንደ ወትሮው። ሻይ ጠጥቼ ሄድኩ።

ባለቤቴ የካውያ ውሃ መርጫዬ ጠፋ ብላ ቤቱን ስታተራምስ አመሸች። አላየሁትም አልኳት። ውሸት አይደለም፣ በዚያ ሰዓት አላየሁትም። ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

የካቲት 11

አዲሷ ባለሙያ ቤት ተከራየች። ማጉሊያ ነው የምንላት፣ ማጉሊያ መስታወቷን ካንገቷ አታወልቅም፤ ምሳ ሰዓት እንኳ ዳቦውን ገልብጣ ታያለች። ጎበዝ ናት። በጣም ጎበዝ ናት። የሚያስፈራውም እሱ ነው።

«ሰፈሩ የት ነው?» አልኳት። ነገረችኝ። የአማቴ አጥር የሚያልቅበት ቤት ነው።

«እሰይ፣ እንኳን ደስ አለሽ» አልኩ። ምሳዬን ከድኜ ተነሣሁ።

የካቲት 12

አንድ ነገር አለ። ጽፌው አላውቅም። ዛሬም አልጽፈውም።

የካቲት 19

የፈራሁት ደረሰ።

ማጉሊያ ስትሮጥ ገባች። «ጋሼ! ጋሼ! ረጅሙ! ከተማ ውስጥ! አጥር ላይ ካለ ዛፍ!» ጫማዋ አንዱ ተፈቷል፣ ናሙናውን በእጇ ይዛ ጫማውን እየጎተተች ነው የመጣችው። ከደኑ አርባ ኪሎ ሜትር የራቀ፣ በማንም ያልተመዘገበ፣ አዲስ መገኛ! ኃላፊው ከወንበሩ ብድግ አለ፣ እኔ እስከማውቀው ለማንም ብድግ ብሎ አያውቅም። ኬክ ተገዛ።

«አባ ሽበት፣ አንተ እይልን» አሉኝ። ቢሮ ውስጥ ስሜ ይህ ነው። አየሁ። ማጉሊያ መስታወትም አያስፈልገኝም ነበር፣ ከገዛ እጄ በላይ አውቀዋለሁ። «ዓይነቱ ትክክል ነው» ብዬ ፈረምኩ። ዓይነቱ ደግሞ ትክክል ነው። ያልሆነ ነገር አልጻፍኩም። የቀረውን ማንም አልጠየቀኝም፤ ዝም አይነቅዝም።

ኬክ በላሁ። ሁለት ቁራጭ።

የካቲት 20

እሺ። ይጻፍ።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ዛፎቹ አሥራ ሁለት ነበሩ። አንደኛውን ሌቦች ቆርጠው ጣሉት። ስደርስ ሽበቱ መሬት ላይ ተነጥፎ ፀሐይ እየጠበሰው ነበር። ለቢሮ ሪፖርት ጻፍኩ፣ ደረሰን የሚል ማኅተም ተመታልኝ፣ በቃ። ያን ቀን ተስፋ ቆረጥኩ። አሥራ አንዱም አንድ ባንድ እንደሚሄዱ ታየኝ። ከወደቀው አንድ ጭብጥ አንሥቼ በምሳ ዕቃዬ ይዤ መጣሁና በባለቤቴ ክር አማቴ ግቢ ያለው ዛፍ ላይ አሰርኩት። ደኑ ቢያልቅ ዘሩ ይትረፍ ብዬ ነው።

ከደኑ ያለ ፈቃድ አንዲት ቅጠል ያወጣ ሠራተኛ ይባረራል። ደንቡን ማን ጻፈው? እኔ።

ከተማ ውስጥ ጭጋግ የለም፣ ጭጋጉ እኔ መሆን ነበረብኝ። ዘጠኝ ዓመት ጠዋት ጠዋት በባለቤቴ መርጫ የዝናብ ውሃ እረጨዋለሁ። የቧንቧ ውሃ አይስማማውም። «ምን ልትሠራ በየቀኑ እናቴ ጋ ትሄዳለህ?» ስትለኝ «ልጠይቃቸው ነው» አልኳት። ሰፈሩ በሙሉ «እንዲህ ያለ አማች የት ይገኛል!» ይላል። አማቴም ያምናሉ፣ ምስኪን።

የካቲት 27

ከድጡ ወደ ማጡ።

ኃላፊው ሰንጠረዥ ይወዳል። ዛሬ አንድ ሠርቶ ግድግዳ ላይ ለጠፈ። አንደኛ፣ ረጅሙ ሽበት ሁለት ቦታ ይገኛል፣ ስለዚህ ስርጭቱ ሰፍቷል። ሁለተኛ፣ አንደኛው ቦታ ጭስ ያለበት ከተማ ነው፣ ስለዚህ የግድ ደን አይፈልግም። ማጠቃለያ፦ «ስጋት የሌለበት»። ከታች በቀይ፦ ማዶው ደን ሊሰጥ ይችላል።

«ሽበትህ ከተሜ ሆነልህ!» ብሎ ጀርባዬን መታኝ።

ማጉሊያ ፊቷ አመድ መሰለ። «እኔ እኮ የሚጠበቅ ቦታ ይጨመራል ብዬ ነው» አለች፣ ለኔ ሳይሆን ለሰንጠረዡ። ልጅቷ አገኘሁ ያለችው ነገር ደን አጠፋባት። ልጅቷ ምን አጠፋች! አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። እግሬ ተነሥቶ ነበር። የተነሣው ግን ወደ መጸዳጃ ቤት ነው።

መጋቢት 1

መፍትሔ ተገኘ። ከዛሬ ጀምሮ አላጠጣውም። ደረቅ ወቅት ነው፣ ጠብ የሚል የለም፤ በሦስት ሳምንት ይደርቃል። ማጉሊያ ራሷ አይታ «ከተማ አይኖርም» ብላ ትጽፋለች። ሰንጠረዡ ይቀደዳል። እኔም አልባረርም። ከሽበቱ በቀር ማንም አይጎዳም።

መጋቢት 4

አልሄድኩም። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ጣራ አየሁ።

መጋቢት 9

«እናቴ ‹ልጁ ታሞ ነው እንዴ?› አለችኝ» አለች ባለቤቴ። ሥራ በዝቶበት ነው በያት አልኩ። «መርጫዬ ደግሞ ተገኘ» አለች፣ እያየችኝ። «እሰይ» አልኩ።

መጋቢት 16

በዚያ በኩል ሳልፍ ገባ አልኩ። ደርቆ፣ ሲነኩት የሚፈረፈር ነገር ነበር የጠበቅኩት። ለምልሟል! ጫፉ ሁሉ አረንጓዴ። ከዛፉ ሥር ያለው መሬት ርሷል። ጤዛ ይሆናል።

አማቴ በሩ ላይ ቆመዋል፣ ጫማቸው ውሃ በውሃ። «የልብስ እጣቢ ነው የደፋሁት» አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው።

«ጠፋህ።»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው እማማ።»

«ይሁን።»

ሻይ ሰጡኝ። ስለ መፋቅ ዛሬ አላነሡም። እርጅና ነው፣ ይረሳሉ።

መጋቢት 24

በማስመሪያ ለካሁት። አድጓል! ዘጠኝ ዓመት ኑርልኝ እያልኩ ስለምነው በጭንቅ ይተነፍስ የነበረ፣ ሙትልኝ ስለው ይወፍራል። ሃያ ስድስት ዓመት ያጠናሁትን ፍጡር ለካ አላውቀውም።

መጋቢት 28

ስም የሌለው ደብዳቤ ጻፍኩ። በግራ እጄ። «ለክቡር ኃላፊ፦ በከተማው ዛፍ ላይ ያለው ሽበት በሰው እጅ የተተከለ ነው። ከአንድ ተቆርቋሪ።» ማለዳ በቢሮው በር ሥር አሾለክሁት። ፍጹም ሥራ።

መጋቢት 29

ኃላፊው ጠራኝ። ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ነው።

«ይህን ማን የጻፈው ይመስልሃል?»

«እንጃ።»

በጣቱ የወረቀቱን ጥግ አሳየኝ። ቀን። የናሙና ቁጥር። ከባሕር ወለል በላይ ከፍታ። ሃያ ስድስት ዓመት የናሙና ወረቀት የጻፈ እጅ፣ ግራም ቢሆን፣ ያንን ሳይጽፍ አይጀምርም።

«ከፍታ ጽፎ የሚጠቁም ሰው በዓለም ላይ አንተ ብቻ ነህ» አለኝ። «በዚህ ዕድሜህ በልጅ ትቀናለህ? አታፍርም?»

ከሰዓት ኮሪደሩ ላይ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። «አርጅቶ ቀናተኛ ሆነ» ይላል አንዱ። ማጉሊያ ደረጃው ላይ አገኘችኝና «ጋሼ፣ ሥራዬ ስህተት ከሆነ ለኔ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?» አለችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። ሳልኩ።

ሚያዝያ 6

ወንዙን ተሻግሬ ደኑ ሄድኩ። የፋብሪካው ሰዎች ቀድመውኛል። ዛፎቹ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጽፈዋል፣ ከአንድ እስከ ሦስት መቶ ምናምን። የኔዎቹ አሥራ አንድ መካከል ላይ ናቸው። ትልቁ፣ ሽበቱ ክንዴን የሚያህለው፣ ዘጠና ሰባት ቁጥር ደርሶታል። ቀለሙ ሽበቱን ነክቶታል።

እሱ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። ጭጋግ ነው ብዬ እንዳልጽፍ ቀኑ ጥርት ያለ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዘር አተረፍኩ እያልኩ ስኩራራ የኖርኩት፣ ለካ አሥራ አንዱን በቁማቸው ቀብሬ፣ ዕቃቸውን አሽሽቼ ነው። አሁን ደግሞ ያሸሸሁት መጥቶ ያስቆርጣቸዋል። ወይ እኔ!

ሚያዝያ 7

ለባለቤቴ ነገርኳት። ሁሉንም። መቀስ ይዛ ነበር፣ አስቀመጠችው።

«በክሬ?»

«በክርሽ።»

«በመርጫዬ?»

«በመርጫሽ።»

ሳቋ መጣ፣ እስክታነባ ሳቀች። እኔም ልስቅ ስል አቆመች። «ነገ ሄደህ ንገራቸው» አለች። «ቢያባርሩህም ቁልፍ ትተክልልኛለህ። እናቴን ግን አንተው ንገራት። ዘጠኝ ዓመት ‹አማቼ እኔን ሳያይ አይውልም› ስትል ነው የኖረችው። እዚያ እኔን እንዳትልከኝ።»

ሚያዝያ 13

ስድስት ቀን ፈጀብኝ፣ ግን ለኃላፊው ነገርኩት። እንደ ሕፃን ተንተባትቤ፣ ምሳ ዕቃውን ሳይቀር።

አላመነኝም!

«ቅናቱ ወደዚህ አደገ?» አለ። «ማስረጃ?» የዛሬ ዘጠኝ ዓመቱን ደብተር ማምጣት አማረኝ። ግን ምን ሊገኝበት! ፈሪ ስለሆንኩ ያን ቀን የጻፍኩት «ዛሬ ደመናማ ነበር» የሚል ብቻ ነው።

«ስታስር ያየህ ሰው አለ? ስታጠጣስ?»

ሊያየኝ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው። የዛፉ ባለቤት።

«እንግዲያው ሚያዝያ ሃያ ይምጡ» አለ ኃላፊው። «ካልመጡ፣ ሰንጠረዡ እንዳለ ይጸድቃል።»

ሚያዝያ 17

ልነግራቸው ሄድኩ። አልነገርኳቸውም። አሸንዳቸውን ጠረግሁላቸው። ከጣራው ውሃ መውረጃ ሥር በክዳን የተከደነ ባልዲ አለ፣ ግማሽ ውሃ። ለምን እንደሚያስቀምጡት አልጠየቅኩም፣ ሌላ ሐሳብ ነበረብኝ።

ሚያዝያ 18

ሄድኩ። የበሩን ማጠፊያ ዘይት ቀባሁ።

ሚያዝያ 19

ዛሬ የሚጠገን ነገር አለቀ።

«እማማ፣ ነገ ቢሮዬ መጥተው አንድ ነገር ይመስክሩልኝ።»

«ምን ብዬ?»

«ጠዋት ጠዋት እንደምመጣ።»

«እሱንማ አገር ያውቀዋል።»

«የምመጣው ግን... ማለቴ... ምክንያቱን ሲጠይቁዎ...» ከፊቴ ያሉት ሴትዮ ትራሳቸው ላይ ተደግፈው፣ ደስ ብሏቸው፣ ያዩኛል። በየትኛው አፌ ልበል?

«ስንት ሰዓት ነው?» አሉ። «ቀሚሴን ላስተኩስ።»

ሳልነግራቸው ወጣሁ። ነገ «እኔን ሊጠይቅ ነው የሚመጣው» ይላሉ፣ በኩራት። አሥራ አንድ ዛፍ በሳቸው ኩራት ይወድቃል። እውነቱን ባወጣ ደግሞ ሰው ፊት ይዋረዳሉ። የቱ እንደሚብስ አላውቅም። ሁለቱም የኔ ሥራ ነው።

ሚያዝያ 20

ሁሉንም ልጻፈው፣ ሳይጠፋኝ።

ኮሚቴው አምስት ሰው ነው። የፋብሪካው ተወካይ ጥግ ላይ፣ ማጉሊያ ወረቀቷን ይዛ መስኮቱ ሥር፣ ባለቤቴ እናቷን ይዛ በሩ አጠገብ። አማቴ የተተኮሰ ቀሚሳቸውን ለብሰው እንደ ሚዜ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

ኃላፊው ድምፁን አለስልሶ «እናቴ፣ ይህ ሰው በየጠዋቱ ቤትዎ የሚመጣው ለምንድን ነው?» አላቸው።

ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ለዛፉ ነዋ» አሉ።

ዓይኔን ገለጥኩ።

«ለኔ መስሎህ ነበር?» አሉት ኃላፊውን፣ እያዘኑለት። ሳቅ ሆነ። እሳቸው አልሳቁም፣ ቀጠሉ። «የዛሬ ዘጠኝ ዓመት በመስኮት አየሁት። ወንበሬ ላይ ወጥቶ፣ ከምሳ ዕቃው አንድ ጢም የመሰለ ነገር አውጥቶ፣ በልጄ ክር ሲያስር። አረንጓዴ ክር ነበር። ወንበሬንም እግሩን ሰብሮታል። ከዚያ ወርዶ በሩን አንኳኳና ‹እማማ ናፍቀውኝ ነው› አለኝ። ልጄን ካገባ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፣ አንድ ቀን ናፍቄው አላውቅም!»

ባለቤቴ በነጠላዋ አፏን ያዘች። የኔን ፊት ለማየት አልፈለግሁም።

ማጉሊያ ብድግ አለች። «እሜቴ፣ መጋቢት ላይ እኮ ጋሼ አልመጡም ነበር። በዚያ ድርቅ እንዴት ለመለመ?»

«እኔ አጠጣሁታ። የክረምቱን የጣራ ውሃ አጠራቅሜ አስቀምጣለሁ፣ የቧንቧ አይወድም። ለወትሮም እሱ ጉንፋን ሲይዘው፣ መስክ ሲሄድ፣ እኔ ነኝ የማጠጣው። ያን ሰሞን ሲጠፋብኝ ሕመም ጠንቶበታል ብዬ ጠዋትም ማታም አጠጣሁት። ሲመለስ ደርቆ ቢያገኘው ይደነግጥብኛል ብዬ።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ልገድለው ስቀመጥ! ጭንቅላቴን በሁለት እጄ ያዝኩ።

ከኮሚቴው አንደኛው ሽማግሌ «ታዲያ እንዲህ ካወቁ አስፍቀዋለሁ እያሉ ያስፈራሩት እንደነበር አማችዎ በሰጠው ቃል ላይ ተጽፏል። ለምን?» አላቸው።

ለመጀመሪያ ጊዜ አቀረቀሩ። የቀሚሳቸውን ጫፍ አስተካከሉ።

«እንዳይቀር ነዋ» አሉ። «አስፍቀዋለሁ ያልኩት ለት፣ በነጋታው ቀድሞ ነው የሚመጣው።»

የፋብሪካው ተወካይ እንኳ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ውሳኔው በአጭሩ። ከተማ ያለው ሽበት በሰው እጅ የኖረ ስለሆነ መገኛ ተብሎ አይቆጠርም። ረጅሙ ሽበት የሚገኘው አንድ ቦታ፣ አሥራ አንድ ዛፍ ላይ ነው። «ሊጠፋ የተቃረበ» የሚለው ይጸናል። ቀዩ ቀለም ይፋቃል፣ መጥረቢያ አይገባም። ሰንጠረዡን የቀደደችው ማጉሊያ ናት፣ ኃላፊው ቀና ብሎም አላያት።

እኔን ሊያባርሩኝ ነበር። ማጉሊያ ናት የተከራከረችልኝ፦ ዘጠኝ ዓመት የሁለት ሰው እጅ ሳይለየው በጭንቅ የኖረ ነገር፣ ያለ ደኑ እንደማይኖር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም አለች። እስከ ጡረታዬ ዘር መጋዘን ተመድቤያለሁ። ወንዙን መሻገር ተከልክያለሁ። አሥራ አንዱን ከእንግዲህ የምትቆጥራቸው እሷ ናት። ግን አሥራ አንድ ናቸው፣ ቆመዋል። የአማቴ ዛፍ ላይ ያለው ደግሞ ማንም ሳያጠጣው ይተው፣ የሚሆነው ይታይ ተብሏል።

አማቴን እስከ ቤታቸው ሸኘኋቸው። መንገዱን ሙሉ ይቅርታ የምልበትን ቃል ስፈልግ ደጃቸው ደረስን። ቁልፋቸውን አወጡ።

«ነገ ትመጣለህ?»

«እማማ፣ ማጠጣት እኮ ተከልክሏል፣ ሰምተዋል።»

«ስለ ውሃ ማን አነሣ?» አሉኝ።

ልተኛ። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ቀልድ አይደለም።